የላይቤሪያ ገዢ ቤተሰቦች፦ ስለ 133ቱ ዓመታት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ላይቤሪያ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠየቁትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻ የወጣ ሪፐብሊክ ሞልቷል። ላይቤሪያን ምን ለየት አደረጋት?

አንደኛ ቀደምትነቷ ነው። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ ላይቤሪያ 110 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ነበር የቀሯት። ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 26 ቀን 1847 ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። በሌላው አፍሪካ የሆነውን እናውቀዋለን፦ ቅኝ ገዢው ይወጣል፣ እሱ ያስተማራቸው ጥቂት ሰዎች ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ላይቤሪያ ላይ ግን ወንበሩም ሰዎቹም አንድ ላይ በመርከብ መጡ። አሜሪካ ውስጥ በባርነት ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለዱ ጥቁሮች አፍሪካ ገብተው መንግሥት አቆሙ። ከዚያ እዚያ ያገኙትን ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ ገዙ። የተበደለ ሰው ራሱ እንዴት ገዢ መደብ ይሆናል ለሚል ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሰዎቹን ማን አመጣቸው?

በ1816 መጨረሻ ዋሽንግተን ላይ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ነው። ዓላማው ነጻ የወጡ ጥቁሮችን ወደ አፍሪካ መላክ ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ባርነትን የሚጠሉ ቄሶች ነበሩ። ነጻ ጥቁር አጠገባቸው እንዲኖር የማይፈልጉ ባርያ አሳዳሪዎችም ነበሩ። ለየቅል ምክንያት በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ይሂዱልን።

የመጀመሪያዋ መርከብ በ1820 ተነሣች። ሴራሊዮን አጠገብ ያለች አንዲት ደሴት ላይ ያረፉት ብዙዎቹ በንዳድ አለቁ። በ1821 መጨረሻ ሮበርት ስቶክተን የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ዛሬ ሞንሮቪያ ያለችበትን መሬት ከአካባቢው አለቆች «ገዛ»። ዋጋው ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ ትምባሆ፣ ዶቃ፣ ጃንጥላ፣ መስታወት፣ ሳሙናና ሮም ነበር። ሁሉም ቢደመር 300 ዶላር አይሞላም። አለቆቹ ሲያመነቱ ስቶክተን ሽጉጡን አውጥቶ በአንደኛው ራስ ላይ እንደደገነ ይነገራል። ግብይት ይባል እንጂ እኛ ሰፈር ሌላ ስም አለው።

ሰፋሪዎቹም አልደላቸውም። ከ1820 እስከ 1843 ከደረሱት 4,571 ሰዎች ውስጥ በ1843 በሕይወት የተገኙት 1,819 ብቻ ነበሩ።

«ኮንጎ» የሚባሉትስ?

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባሕር ላይ ከባርያ ጫኝ መርከቦች ያስጣላቸው ሰዎች ናቸው። ወደ መጡበት ከመመለስ ይልቅ ላይቤሪያ ተራገፉ። መጀመሪያ ሰፋሪዎቹ ዝቅ አድርገው ነበር የሚያዩዋቸው። እየቆዩ ተጋቡ፣ ተዋለዱ፣ ተደባለቁ። የአገሬው ሰው በመጨረሻ ሁሉንም በጅምላ «ኮንጎ» አለና ስሙ በዚያው ቀረ።

የነጻነት አዋጁ «እኛ» ሲል እነማንን ነበር?

በመጀመሪያ ነጻነቱ እንዴት መጣ? በጉምሩክ ነው። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ሸቀጥ አራግፈው ቀረጥ አንከፍልም አሉ። የእናንተ አገር የአንድ ማኅበር ንብረት እንጂ መንግሥት አይደለም፣ ቀረጥ የሚጥል መንግሥት ነው አሉ። ነገሩ እውነት ነበርና መንግሥት መሆን ግድ ሆነ። ብሪታንያ በ1848 ዕውቅና ሰጠች። አሜሪካ ግን እስከ 1862 ድረስ ዝም አለች። ጥቁር አምባሳደር ዋሽንግተን ገብቶ ከደቡብ ባለርስቶች ጋር ማዕድ ይቁረስ? የሚዋጥላቸው አልነበረም።

አዋጁን ያረቀቀው ሂላሪ ቲግ የሚባል ሰፋሪ ነው። «እኛ የላይቤሪያ ሪፐብሊክ ሕዝቦች፣ ቀድሞ የሰሜን አሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ ነዋሪዎች ነበርን» ይላል። ክፔሌው፣ ባሳው፣ ክሩው፣ ግሬቦው፣ ጎላው፣ ቫዩ፣ ማለትም ከአሥራ አምስት የማያንሱ ነባር ሕዝቦች በዚህ «እኛ» ውስጥ የሉም። የአገሩ መፈክርም ያው ነው፦ የነጻነት ፍቅር ወደዚህ አመጣን። ቀድሞውንም እዚህ የነበረ ሰው ምን ያድርገው?

አዋጁ ሰፋሪዎቹ አሜሪካ ውስጥ የደረሰባቸውን በደል ይዘረዝራል። ከመንግሥት ሥራ ተገለልን፣ ሳንጠየቅ ግብር ተጣለብን ይላል። ሃምሳ ስድሳ ዓመት ቆይቶ የገጠሩ ሰው በየጎጆው ግብር ተጣለበት፣ ድምፅ ግን አልነበረውም። ያንን ዝርዝር ስሙን ቀይሮ መልሶ ሊልክላቸው ይችል ነበር።

ሰፋሪዎቹ እርስ በርሳቸው እኩል ነበሩ?

በፍጹም። መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑ የቀይ ዳማዎቹ ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ጄንኪንስ ሮበርትስ ከቨርጂኒያ ነጻ ሆኖ የመጣ ነጋዴ ነው። ሩቅ ሆኖ ላየው ነጭ ይመስላል። በዙሪያው ያሉትም እንደሱ በመልክ ፈካ ያሉ፣ መርከብና መጋዘን ያላቸው የሞንሮቪያ ነጋዴዎች ነበሩ። በወንዝ ዳር እርሻ የሚኖሩት ጠቆር ያሉ ሰፋሪዎች ይህ ስላንገበገባቸው በ1869 ትሩ ዊግ ፓርቲን መሠረቱ። ዕጩአቸው ኤድዋርድ ሮይ በ1870 ፕሬዚዳንት ሆነ። በዓመቱ ከለንደን 100 ሺህ ፓውንድ ተበደረ፣ ብዙውም በመንገድ ቀለጠ። በ1871 ከሥልጣን አወረዱት፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ፓርቲው ግን ተመለሰ። በ1878 ወንበሩን ከያዘ በኋላ እስከ 1980 አልለቀቀም።

የቀለም ጉዳዩ ከዚያ እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰፋሪው በቁጥር ጥቂት ስለነበር ሲጣላ መኖር አላዋጣውም።

ባለጸጎች ነበሩ? ሥልጣናቸው ከሀብት የመጣ ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስለ ገዢ መደብ ሲወራ ባለርስት፣ ባለፋብሪካ ነው ወዲያው የሚታየን። ላይቤሪያ ላይ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

መጀመሪያ አካባቢ እውነትም የነጋዴ አገር ነበረች። የራሳቸው መርከብ ነበራቸው። የዘንባባ ዘይትና ቀለም የሚወጣበት እንጨት ይልኩ ነበር፣ ቡናም ያመርታሉ። ከ1860ዎቹ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ከእጃቸው ወጣ። የአውሮፓ የእንፋሎት መርከብ መጣና ሸራ መርከባቸውን ከገበያ አስወጣው። የፋብሪካ ቀለም እንጨቱን ዋጋ አሳጣው። የብራዚል ቡና ገበያውን ዘጋው። ንግዱን ጀርመኖችና እንግሊዞች፣ ኋላም ሊባኖሶች ያዙት።

ታዲያ ለሰፋሪ ቤተሰብ ምን ቀረው? መንግሥት። የጉምሩክ ኃላፊነት፣ የፍርድ ቤት ወንበር፣ የምክር ቤት መቀመጫ፣ የአውራጃ ገዢነት። መሬትና ገንዘብ የሚገኘው ከሹመት ነው፣ ሹመቱ ከመሬትና ከገንዘብ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለው ነገር እዚያ የኑሮ ዘዴ ነበር ማለት ይቻላል። ምርጫ መሸነፍ ከሥራ መባረር ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የቤቱ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ባለ አገር ሥልጣን በምርጫ ይለወጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ከዚህ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ፣ የምስጢር ማኅበሩም፣ የተጭበረበረው ምርጫም፣ የጋብቻውም ነገር፣ ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

በ1926 የአሜሪካው የጎማ ኩባንያ ፋየርስቶን መጣ። እስከ አንድ ሚሊዮን ኤከር መሬት ለ99 ዓመት ተሰጠው። ኪራዩ ለአንድ ኤከር በዓመት 6 ሳንቲም ነበር። የአገሩ ትልቁ ሀብት እንዲህ የውጭ ሰው ሆነ። ገዢዎቹ ቤተሰቦች ድርሻቸውን ያገኙት በደመወዝ፣ በኮሚሽን፣ እየቆየም በራሳቸው አነስተኛ የጎማ እርሻ ነው።

አንድ ፓርቲ ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት ይገዛል?

ሕገ መንግሥቱን ብታነቡት አሜሪካ ያላችሁ ይመስላችኋል። ሴኔት፣ የተወካዮች ምክር ቤት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም አለ። በ1847ቱ ሕግ ግን የሚመርጠው ቋሚ ንብረት ያለው ወንድ ዜጋ ብቻ ነበር። የገጠሩ ሰው መሬት የጋራ ስለሆነ በስሙ ካርታ የለውም፣ ስለዚህ መራጭ አይደለም። ከዚህ በላይ ንጹሕ ማጣሪያ ከየት ይመጣል?

ይህም ሳይበቃ ምርጫው ራሱ ቀልድ ነበር። በ1927 ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኪንግ ተቀናቃኙን ቶማስ ፎክነርን ሲያሸንፍ የአገሩ መራጭ 15 ሺህ አይሞላም። ለኪንግ የተቆጠረው ድምፅ ከ200 ሺህ በላይ ነበር። በምርጫ ማጭበርበር ታሪክ እስካሁን በምሳሌነት ይጠቀሳል። የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። አስራ አምስት ሺህ ብሎ ማጭበርበር ሲቻል ማንም እውነት እንዲመስል አለመጨነቁ ነው።

የቀረው ሥራ በጓዳ ነበር የሚሠራው። ለፓርቲው ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይቆረጣል። ሞንሮቪያ ጉብታ ላይ የፍሪሜሶኖች፣ ማለትም አባላቱ «ወንድም» የሚባባሉበት የምስጢር ማኅበር፣ ትልቅ ሕንፃ አለ። ሹመት የፈለገ ሰው እዚያ ሎጅ ውስጥ ወንድም መሆን ነበረበት። ቤተ ክርስቲያኑም እንደዚያው ነው። ሰኞ ሚኒስትር የሆነው ሰው እሁድ ሰባኪ ነው። የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ዊልያም ቶልበርት የባፕቲስት ቄስ ነበር፣ የዓለም ባፕቲስቶች ኅብረትንም መርቷል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጋብቻ ነው። የቶልበርትን ቤት ብቻ ተመልከቱ። ፕሬዚዳንቱ እሱ። ወንድሙ ፍራንክ የሴኔቱ መሪ። ሌላው ወንድሙ ስቲቨን የገንዘብ ሚኒስትርና የአገሩ ትልቅ ኩባንያ ባለቤት፣ በ1975 በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ። ሴት ልጁ ደግሞ ከእሱ በፊት 27 ዓመት የገዛው የቱብማን ልጅ ሚስት። እኛ አገር በአበልጅነትና በጋብቻ የታሰረ ቤተ መንግሥት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፣ ነገሩ ይገባናል። ልዩነቱ ይኼኛው ሪፐብሊክ መባሉ ነው።

የአገሬው ተወላጅ ወደዚያ ክበብ መግባት ይችል ነበር?

ይችል ነበር። የሥርዓቱ ብልጠትም ይኸው ነው።

የገጠር ቤተሰብ ልጁን ለሞንሮቪያ ቤተሰብ ይሰጣል። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ ዕቃ ያጥባል፣ ይላላካል። ዕድለኛ ከሆነ ትምህርት ቤት ይገባል። የአሳዳጊዎቹን ስም፣ ሃይማኖትና አነጋገር ይወርሳል። እንዲህ ካደጉት አንዱ የጎላ አለቃ ልጅ ነበር። ጆንሰን የሚል ስም ተሰጠው፣ ጠበቃ ሆነ። ለብሔራዊው ምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው የአገሬው ተወላጅ እሱ ነው። ልጁን ሁላችንም እናውቃታለን፦ ኋላ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት የሆነችው ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ። በአባቷ ጎላ ነች፣ የእናቷ አባት ደግሞ ጀርመናዊ ነበር። ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሰፋሪ ዘር ናት ብሎ ያምናል። ምክንያቱ ገብቷችኋል። በዚያ አገር «ኮንጎነት» በአብዛኛው የአስተዳደግ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፣ አንድ በአንድ ግን ነው የሚገባው። የገባው ሰው ደግሞ የውጪውን ዘመዱን ይረሳል፣ ወይ እንዲረሳ ይጠበቅበታል።

ገጠሩን ማን ያስተዳድረው ነበር?

በ1904 አካባቢ ፕሬዚዳንት አርተር ባርክሌይ የውስጡን ሕዝብ ዜጋ አለው። ከላይ ኮሚሽነር፣ ከታች የአካባቢ አለቃ ሆነው ግብር ይሰበስባሉ። በ1908 የተቋቋመው የድንበር ጦር ደሞዙ ሲዘገይ ከመንደሩ ዶሮና ሩዝ ይወስዳል። ክሩዎች በ1915 ሲያምፁ አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ለመንግሥት አገዘ።

ቅሌቱ የወጣው በ1930 ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር የላከው መርማሪ ቡድን፣ ባለሥልጣናት የገጠር ወጣቶችን በወታደር አስገድደው ወደ ፈርናንዶ ፖ ደሴት፣ የስፔን የካካዎ እርሻ እንደሚጭኑ አረጋገጠ። ትርፉ የባለሥልጣናቱ ነበር። ፕሬዚዳንት ኪንግና ምክትሉ አለን ያንሲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሥልጣን ለቀቁ። ከባርነት አምልጠው የመጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ሰው ጭነው ላኩ ሲባል ምን ይባላል? ፓርቲው ግን ሳይነካ ቀጠለ። ኤድዊን ባርክሌይ ተተካ። የአርተር ባርክሌይ የወንድም ልጅ ነው።

ኢትዮጵያስ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለች?

አለች። ሁለቱም በ1930ዎቹ ጄኔቫ ላይ «ባርነት አለባችሁ» ተብለው ተከሰዋል። በኢትዮጵያ ላይ ክሱን ያጎላችው ልትወር የተሰናዳችው ጣሊያን ነበረች። የከሳሽ እጅ ንጹሕ አልነበረም፣ ክሱ ግን በሁለቱም አገር ውሸት አልነበረም።

የሚያኮራውም አለ። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ፣ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከጥቁር አፍሪካ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የነበሩት ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ መክሰስ የሚችሉትም እነሱ ናቸው ተባለ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉና በሊቀ መንበሩ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል፦ አንዱ ዘውዳዊ፣ ሌላው የጥቂት ቤተሰቦች ሪፐብሊክ፣ ሁለቱም ለናሚቢያ ሕዝብ መብት ጠበቃ ቆሙ።

ቱብማን አልቀየረም?

ቀይሯል። ከ1944 ጀምሮ በገዛበት ዘመን ሴቶችና ግብር የሚከፍሉ ገጠሬዎች የመምረጥ መብት አገኙ፣ በ1951ም መረጡ። የሚመርጡት ግን ቱብማንን ብቻ ነበር። «የሕዝብ ግንኙነት» የሚባሉ ጆሮ ጠቢዎቹ በየቤቱ ነበሩ። ሰው መብት ሳይሆን ደጅ ጥናት ነው የሚያውቀው፤ ጥያቄ ያለው ሁሉ ሄዶ እሱን ይለምናል።

ታዲያ ምን አፈረሰው?

ሩዝ። በ1979 መንግሥት የ100 ፓውንድ ከረጢት ዋጋ ከ22 ወደ 26 ዶላር ይጨመር አለ። ገበሬው እንዲያመርት ነው የሚል ምክንያት ቀረበ። ከተማው የሰማው ግን ሌላ ነው፦ ሩዝ ከሚያመርቱት ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ቤተሰብ አለበት! ኤፕሪል 14 ሰልፍ ወጣ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ ቢያንስ 40 ሰው ሞተ። በሦስተኛው ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ወጪ እዚያው ሞንሮቪያ ተደገሰ።

የሚያሳዝነው ቶልበርት ከሁሉም የተሻለ ለዘብተኛ መሆኑ ነው። ሲሾም የቱብማንን ረጅም ባርኔጣና ጅራታም ኮት ትቶ በቀላል ልብስ ነው የመጣው። ክፔሌኛም ይናገራል። በሩን ገርበብ አደረገው፤ ውጪ የቆመው ሕዝብ ግን ገርበብ በሚል በር የሚያልፍ ቁጥር አልነበረም።

ኤፕሪል 12 ቀን 1980 ሳሙኤል ዶ የሚባል የክራን ብሔረሰብ ተወላጅ ማስተር ሳጅን ከ16 ጓደኞቹ ጋር ቤተ መንግሥት ገብቶ ቶልበርትን ገደለ። ከአሥር ቀን በኋላ 13 ባለሥልጣናት ባሕር ዳር ግንድ ላይ ታስረው፣ ጋዜጠኛና ሕዝብ እያየ ተረሸኑ። ፍራንክ ቶልበርትም አንዱ ነበር። የኛ 60ዎቹ ከተረሸኑ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበርና ያኔ ዜናውን የሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዶ ሥርዓቱን ነቀለው?

ሰዎቹን ነቀለ፣ ሥርዓቱን ወረሰው። ፍሪሜሶኖችን አገደ፣ ትሩ ዊግን ዘጋ። ከዚያ ቁልፍ ቦታዎቹን ለራሱ ወገን ለክራኖች ሰጠ። መንግሥት አሁንም የሁሉም እንጀራ ነበርና ሌላው ወገን ተቆጣ። በ1989 የገና ዋዜማ የአማፂዎቹ መሪ ቻርልስ ቴይለር በኮትዲቯር በኩል ገባ፤ ጦርነቱ ተነሥቶ፣ በርዶ፣ እንደገና ተነሥቶ በ2003 ቆመ።

ዛሬስ ከዚያ ዘመን ምን ቀረ?

መፈክሩ አርማው ላይ አለ። የ1984ቱ ሕገ መንግሥት ዜግነትን ለጥቁር ዘር ብቻ ይፈቅዳል፣ መሬት የሚገዛውም ዜጋ ብቻ ነው። ያ አንቀጽ ከ1847 የመጣ ነው፣ ያኔ የነጭ ነጋዴ ፍርሃት ነበር። ጆርጅ ዌሃ በ2018 ፕሬዚዳንት እንደሆነ ዘረኛ አንቀጽ ነው፣ ይነሣ አለ። ከተቃወሙት ውስጥ አብዛኛው የአገሬው ተወላጅ ነበር። ንግዱን ሊባኖሶች ይዘዋል፣ ዜጋ ከሆኑ ደግሞ መሬቱንና መንግሥቱን ይይዛሉ የሚል ስጋት ነው። አንቀጹም እስካሁን አልተነሣም።